ዘግይቶ የተዘራ በቆሎ ለምን ይወድቃል? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ለዚህ እትም ከደረሱን የሰብል ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሚያጠነጥኑት በቆሎ መቼ ይዘራ፣ ለምንስ ይጋሽባል በሚለው ላይ ነው። ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ሁለት ማሳ አለኝ። አፈሩም፣ ዘሩም፣ ማዳበሪያውም አንድ ነው። አንዱን በወቅቱ ዘራሁ፤ ሌላውን ግን 25 ቀን ዘግይቼ ነው የዘራሁት። የዘገየው በቁመትም በልምላሜም ከቀዳሚው በልጦ ነበር። ሊሰበሰብ ሲቃረብ አንድ ሌሊት ነፋስ መጣና አብዛኛው ከራሱ (ፍሬውን ከያዘው ክፍል) በታች ተሰበረ። ቀዳሚው ማሳ ግን ምንም አልሆነም። ነፋሱ ለሁለቱም አንድ አይደለም ወይ?

መልስ፦ ነፋሱ አንድ ነው፤ አገዳው ግን አንድ አልነበረም። ያደነቁት ቁመት ራሱ የመጀመሪያው ምልክት ነበር።

በቆሎ አምስት ስድስት ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ የዕድገት ጫፉ ከአፈር በታች ነው። ከዚያ በኋላ በአንጓና በአንጓ መካከል ያለው ክፍል መመዘዝ ይጀምራል፤ የአገዳው ቁመትና ውፍረት የሚወሰነውም ያኔ ነው። በወቅቱ የተዘራው ይህን ጊዜ ቀዝቀዝ ባለ አየር ሲያሳልፍ አንጓዎቹ አጠር፣ አገዳውም ወፈር ይላል። የዘገየው ግን ሙቀትና እርጥበት በአንድነት ሲበረቱ ይደርስበታል፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ ተመዞ ይረዝማል፣ ይቀጥናል። ራሱም ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ከፍ ብሎ የተሰቀለ ሸክም ነፋስ በገፋው ቁጥር የታችኛውን አንጓ አብዝቶ ያጎብጠዋል።

ይህ ግን ከታሪኩ ግማሹ ነው፤ የሚከፋው ሁለተኛው ነው። ጺም ካወጣበት ቀን ጀምሮ ፍሬው እስኪበስል ከ55 እስከ 60 ቀን ገደማ ይፈጃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ተክሉ ስንት ፍሬ እንደሚይዝ ይወስናል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት የመሙያ ናቸው። ቅጠሉ በየቀኑ የሚሠራው ስኳር ለያዘው ፍሬ ካልበቃ፣ ተክሉ ፍሬውን አይተውም፤ በአገዳው ውስጥ ያጠራቀመውን አውጥቶ ይሰጣል። አገዳው የበቆሎ ጎተራ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ጎተራው ሲራቆት ደግሞ መሃል ያለው ነጭ ልብ ከዙሪያው ቅርፊት እየለቀቀ ይሟሽሻል፤ ድርና ማግ የመሰሉ ክሮች ብቻ ይቀራሉ። ድፍን ዘንግ የነበረው ባዶ ቱቦ ይሆናል።

የዘገየው ሰብል የሚጎዳው ይህ የመሙያ ጊዜ በመጥፎ ወቅት ስለሚውልበት ነው። ዝናብን ተከትሎ በሚዘራበት አገር ዝናቡ የሚያቆመው ፍሬው ገና ሳይሞላ ነው። ብርዳማ ክረምት ባለበት አገር ደግሞ ቀኑ ያጥራል፣ ፀሐዩ ይደክማል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። በሁለቱም ቅጠሉ ገቢ ያጣል፤ ወጪው ከአገዳው ይወጣል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ አበባ ሲይዝ አየሩ አምሮለት ብዙ ፍሬ ይዞ፣ ከዚያ በኋላ ደመና ወይም ድርቅ የገጠመው ማሳ ነው። ትልቅ ራስ ያለው ተክል ቀድሞ የሚወድቅበት ምክንያት ይኸው ነው።

በተዳከመው አገዳ ላይ የሚመጡት የአበስብስ ፈንገሶች ናቸው። አብዛኞቹ ዘወትር በአፈሩና በአሮጌው ቃርሚያ ውስጥ አሉ፤ የሚጠብቁት ተክሉ እንዲደክም ነው። አገዳውን ቁመቱን ሰንጥቀው ይዩት። ውስጡ ነጣ ያለ ሮዝ ከሆነ ብዙ ጊዜ ፉሳሪየም ነው፤ ደመቅ ያለ ቀይ ከሆነ ጂበሬላ፤ በታችኞቹ አንጓዎች ቅርፊት ላይ በጥፍር ቢፍቁት የማይለቅ ጥቃቅን ጥቁር ነጥብ ካለ ዲፕሎዲያ፤ ልቡ ውስጥ የከሰል ዱቄት የተነሰነሰበት ከመሰለ ደግሞ ድርቅና ሙቀት የሚወደው የከሰል አበስብስ ነው።

የአገዳ ቆርቁርም አለ። ቀድሞ የበቀለው ማሳ የመጀመሪያውን ትውልድ ይቀበላል፤ እዚያ የተራባው የእሳት ራት በብዛት የሚያርፈው ገና ለጋ በሆነው በዘገየው ሰብል ላይ ነው። ትሉ የበሳው ቀዳዳ አገዳውን ከማሳሳቱም በላይ ለፈንገሱ በር ይከፍታል። እርስዎ የገለጹት ማሳ ውስጥ የተሰበሩትን አንጓዎች ቢመለከቱ ቀዳዳና ዱቄት መሰል እዳሪ ማግኘትዎ አይቀርም ብለን እንገምታለን።

ምርቱን በተመለከተ፦ ከተስማሚው ጊዜ ካለፈ በኋላ በየቀኑ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይቀንሳል የሚለው በብዙ አካባቢ የሚሠራበት ስሌት ነው። መጀመሪያ ላይ ከዚህ ያነሰ ነው፤ መዘግየቱ በገፋ ቁጥር ይብሳል። የዝናብ መጀመሪያ ላይ ደረቁ አፈር ሲረጥብ የሚለቀው ናይትሮጅን አለ፤ እሱን የሚያገኘው ቀድሞ ሥር የሰደደ ቡቃያ ነው። ለዘገየው ግን ዝናቡ አጥቦ ወደ ታች አውርዶት ይቆየዋል።

ጥያቄ፦ እንግዲያውስ በጣም ቀድሞ መዝራት ነው መፍትሔው?

መልስ፦ አይደለም። ያለጊዜው የተቻኮለ ዘርም ሌላ ዓይነት ውድቀት ያመጣል።

በቆሎ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አያድግም። ለመብቀል 65 ያህል የሙቀት ነጥብ ይፈልጋል። አቆጣጠሩ ቀላል ነው፦ የቀኑን ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ደምረው ለሁለት ያካፍሉ፣ 10 ይቀንሱ። አማካዩ 20 ዲግሪ ከሆነ በቀን 10 ነጥብ ያገኛል፤ በ6 ወይም በ7 ቀን ይበቅላል። አማካዩ 13 ከሆነ በቀን 3 ነጥብ ብቻ ነው፤ ከአፈር ለመውጣት 3 ሳምንት ይወስዳል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ዘሩ ይሻግታል፣ ወፍና ነፍሳት ይጫወቱበታል። በተለይ ዘሩ ውኃ የሚጠጣባቸው የመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ወሳኝ ናቸው፤ ያኔ ቀዝቃዛ ውኃ ከጠጣ የቡቃያው ጫፍ ይጣመማል፣ አፈር ውስጥም ቅጠሉን ይዘረጋል። ስለዚህ በ5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት የጠዋቱን የአፈር ሙቀት ይለኩ፤ 10 ደርሶ ቀጣዮቹ ቀናት የሚሞቁ ከሆነ ይዝሩ።

ብርድ በማያሰጋበት ቦታ አሳሳቹ የመጀመሪያው ዝናብ ነው። አንድ ቀን ዘንቦ ለሁለት ሳምንት ሲጠፋ ዘሩ ግማሹ ይበቅላል፣ ግማሹ ይቀራል። አፈሩን ቆፍረው ይመልከቱ፤ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ረጥቦ፣ በእጅ ሲጨብጡት የሚያያዝ ካልሆነ አይቸኩሉ። የተንጠባጠበ አበቃቀል ዘግይቶ ከመዝራት አይተናነስም፤ ከጎረቤቱ ሁለት ቅጠል ወደኋላ የቀረ ተክል ዕድሜውን ሙሉ ጥላ ሥር ነው። አገዳው ይቀጥናል፣ ብዙ ጊዜም ራስ አይዝም። አረም ሆኖ ነው የሚቆጠረው ማለት ይቻላል።

ጥልቀቱን ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ያድርጉት። አሸዋማና ቶሎ የሚደርቅ አፈር ከሆነ እስከ 6 ወይም 7 ይሂዱ። እርጥበት አለ ብለው 2 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢጥሉት ዋናዎቹ ሥሮች ከላይ ባለው ደረቅ አፈር ላይ ይቀራሉ፤ አንድ የአውሎ ነፋስ ዝናብ ሲመጣ ተክሉ ከነሥሩ ያጋድላል።

ጥያቄ፦ እኔ ዘንድሮ ዘግይቻለሁ፤ አንድ ወር ሊሞላኝ ነው። መሬቱን ጦም ላሳድረው ወይስ የሚደረግ ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። ግን በዓመቱ መጀመሪያ ያሰቡትን ዕቅድ እንዳለ ወደፊት ገፍተው መዝራት የለብዎትም፤ የሚለወጡ ነገሮች አሉ።

ዋናው ዝርያው ነው። ወደኋላ ይቁጠሩ። ዝናቡ የሚያቆምበትን (ወይም ብርዱ የሚጀምርበትን) የተለመደ ቀን ይያዙና ከዛሬ ጀምሮ እስከዚያ ስንት ቀን እንዳለ ያስሉ። ለምሳሌ 125 ቀን ቢቀርና የለመዱት ዝርያ 145 ቀን የሚፈጅ ቢሆን፣ የመጨረሻው 20 ቀን የሚውለው ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ ላይ ነው፤ ጉዳቱም ከሁሉ የሚከፋው ያኔ ነው። በዚህ ፈንታ ከ115 እስከ 120 ቀን የሚደርስ ዝርያ ይምረጡ። ቀደም ብሎ የሚደርስ ዝርያ የምርት ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ይህንን አንክድም። ሆኖም የሚሞላ ትንሽ ራስ ከማይሞላ ትልቅ ራስ ይሻላል። ከተመሳሳይ ዝርያዎች መካከል ደግሞ ቁመቱ አጠር፣ ራሱ ዝቅ ብሎ የሚቀመጥ፣ የአገዳ ጥንካሬው የተመሰከረለትን ይውሰዱ።

ብዛቱን አይጨምሩ። «ስለዘገየሁ ላጥብቀው» የሚለው ሐሳብ በብዙ ማሳ ላይ ጥፋት ሆኗል። አፈሩ ሲሞቅ አበቃቀሉ ስለሚሻሻል ለመጠባበቂያ ብለው የሚጨምሩት ዘር ሁሉ ይበቅልና ማሳው ይጠብባል። በመስመሮች መካከል 80 ሴንቲ ሜትር፣ በተክሎች መካከል 20 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በሔክታር 62,500 ተክል ይሆናል። 75 በ25 ሲሆን 53,333፣ 75 በ30 ሲሆን 44,444 ነው። ከመደበኛው ጊዜ ለዘገየና እርጥበቱ አስተማማኝ ላልሆነ ማሳ 53,000 አካባቢ መቆየት ይበጃል ባዮች ነን። በጉድጓድ ሁለት ሁለት ከጣሉ ደግሞ ቡቃያው ሦስት ቅጠል ሲያወጣ ያሳሱት፤ ጉልበት ሲደርስ ማሳሳት የቀረውን ሥር ይነቅላል።

ናይትሮጅኑን ይከፋፍሉ፤ ሲሶውን ሲዘሩ፣ የቀረውን ከ6 እስከ 8 ቅጠል ላይ። የምርት ግቡ ዝቅ ስላለ መጠኑንም በዚያው ልክ ይቀንሱ። ሁለተኛውን ዙር ሲሰጡ ተክሉን አፈር ያስታቅፉት፤ ከታችኞቹ አንጓዎች የሚወጡት ድጋፍ ሥሮች የሚይዙት ነገር ያገኛሉ። ከዚያ በኋላ ግን ከግንዱ አጠገብ በጥልቀት አይኮትኩቱ።

ለቆርቁሩና ለመጤው ተምች ከበቀለ በ2ኛው ሳምንት ጀምሮ በየአምስት ቀኑ የእምቡጥ ቅጠሉን ውስጥ ይዩ። ትሉ አንድ ጊዜ አገዳው ውስጥ ከገባ የሚረጭ መድኃኒት አያገኘውም።

ጥያቄ፦ ዩሪያ ብጨምርለት አገዳው አይጠነክርም?

መልስ፦ አይጠነክርም። ያረዝመዋል፣ ቅጠሉን ያበዛዋል፣ ያለሰልሰዋል። አገዳን የሚያደነድነው ከናይትሮጅን ጋር የተመጣጠነ ፖታሲየም ነው። የታችኞቹ ቅጠሎች ጠርዝ ከጫፉ ጀምሮ ቢጫ፣ ከዚያም እንደ ተቃጠለ ቡናማ ከሆነ ፖታሲየም አንሶታል። ቢጫው በቅጠሉ መሃል ላይ እንደ ሹል ቀስት ወደ ውስጥ ከገባ ግን ያነሰው ናይትሮጅን ነው፤ ይህም በመሙያ ጊዜ ከሆነ አገዳውን ያስበላል። ሁለቱን ሳይለዩ ከረጢት አይክፈቱ፤ የአፈር ምርመራ ቢያደርጉ ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ ወንዴ አበባው ሳይወጣ ከባድ ዝናብና ነፋስ መጥቶ ማሳውን በሙሉ አስተኛው። አገዳው አልተሰበረም፤ ከሥሩ ነው ያጋደለው። አንድ በአንድ ላቅናው?

መልስ፦ ተዉት። በዚህ ዕድሜ ያጋደለ በቆሎ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአንጓው እየታጠፈ በራሱ ቀና ይላል፤ ግንዱ እንደ ዝይ አንገት ተቆልምሞ ይቀራል እንጂ ራስ ይይዛል። ሲያቀኑት የቀሩትን ሥሮች ይበጥሳሉ። በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አፈሩን አርጥበው ተክሉን ሆን ብለው በመግፋት በተደረገ ሙከራ፣ ከ10 እስከ 12 ቅጠል ላይ የወደቀው ያጣው ምርት ከ2 እስከ 6 በመቶ ነበር፤ ከ13 እስከ 15 ቅጠል ላይ ከ5 እስከ 15 በመቶ፤ 17 ቅጠልና ከዚያ በላይ ላይ ግን ከ13 እስከ 31 በመቶ። ማለትም የሚለየው የወደቀበት ዕድሜ ነው። የተሰበረ ቢሆን ኖሮ መልሳችን ሌላ ነበር፤ ከራሱ በታች አንጓው ላይ ተቀንጥሶ የሄደ ተክል አይመለስም።

ጥያቄ፦ ከመውደቁ በፊት ማወቅ ይቻላል? ሁልጊዜ የማውቀው ጠዋት ተነሥቼ ተነጥፎ ሳየው ነው።

መልስ፦ ይቻላል፤ የሚያስፈልገውም እጅዎ ብቻ ነው። ፍሬው ከሊጥነት ወደ ጥርስነት ሲያልፍ (አናቱ ሰርጎድ ማለት ሲጀምር) ይጀምሩና በየሳምንቱ ይድገሙት።

በማሳው ውስጥ ተራርቀው የሚገኙ አምስት ቦታዎችን ይምረጡ፤ ዳሩን ይተዉት፣ አያመዛዝንም። በእያንዳንዱ ቦታ በአንድ መስመር ተከታታይ 20 ተክል ይያዙ፤ ድምሩ 100 ስለሚሆን የሚያገኙት ቁጥር ራሱ በመቶኛ ነው። እጅዎን ራሱ ካለበት ቁመት ላይ ያድርጉና አገዳውን ከቆመበት በግምት 30 ዲግሪ ያህል ይግፉት፣ ይልቀቁት። ጤነኛው እንደ ቀስት ተመልሶ ይቆማል። የደከመው ወይ ይሰበራል፣ ወይ ሳይመለስ ዘንበል እንዳለ ይቀራል። ሌላው መንገድ መቆንጠጥ ነው፦ ከድጋፍ ሥሮቹ በላይ ያለውን የመጀመሪያውን ወይም ሁለተኛውን አንጓ መካከል በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይጫኑት። እንደ ዕንጨት ጠንካራ ከሆነ ደህና ነው፤ እንደ ባዶ የወረቀት ጥቅል ከተደፈጠጠ ልቡ አልቋል። መግፋቱ በጠዋት ጤዛ ከረጠበ አገዳ ይልቅ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ቢሆን ይመረጣል።

ከ100 ውስጥ ከ10 እስከ 15 ይህን ፈተና ከወደቀ ያ ማሳ ለመሰብሰብ ቅድሚያ ይሰጠው። በማሳው ላይ ይድረቅ ብሎ መጠበቅ ለጠንካራ አገዳ እንጂ ለዚህ አይሆንም። ከራሱ መሃል አንድ ፍሬ ይፈልፍሉና ቆረቆንዳውን የነካበትን ጫፍ በጥፍርዎ ጫር ያድርጉት፤ ጥቁር ሽፋን ካዩ ፍሬው ሞልቷል፣ ከዚህ በኋላ የሚቀረው ውኃ መድረቅ ብቻ ነው። ያኔ እርጥበቱ ከ30 እስከ 35 በመቶ ይሆናል። በማሽን የሚሰበስቡ ከሆነ ከ20 እስከ 25 በመቶ ላይ ይግቡ። በእጅ ከሆነ ገለባውን ልጠው ጠበብ ባለና ነፋስ በሚያሳልፍ ጎተራ ያድርቁት፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ የጎተራው ስፋት ከ60 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። በ25 በመቶ እርጥበት የገባ 100 ኪሎ ግራም ፍሬ 13 በመቶ ሲደርስ 86 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የጎደለው ውኃ እንጂ እህል ስላልሆነ አይደንግጡ።

ጥያቄ፦ ወድቆ የቀረውን ለመገመት ምን ልቁጠር?

መልስ፦ የመስመርዎ ርቀት 75 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 13.3 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ መስመር 10 ካሬ ሜትር ነው። ከሰበሰቡ በኋላ በዚያ ውስጥ መሬት ላይ የቀሩትን ራሶች ይቁጠሩ። አንድ ራስ 150 ግራም ፍሬ ከያዘ፣ አንዱ በሔክታር 1.5 ኩንታል ማለት ነው፤ ሦስት ካገኙ 4.5 ኩንታል ትተዋል። የተበተነ ፍሬ ከሆነ በ1 ካሬ ሜትር 20 ፍሬ ወደ 60 ኪሎ ግራም በሔክታር ይጠጋል። በአራት አምስት ቦታ ቆጥረው አማካዩን ይውሰዱ።

ከመሬት የሚለቅሙትን ራስ ከቆመው ጋር አይቀላቅሉ። አፈር የነካ ራስ ሻጋታ ይዞ ይሆናል፤ የሻጋታው መርዝ ደግሞ በማድረቅም በማብሰልም ተሟጦ አይጠፋም። ለብቻው ያድርቁ፣ ፍሬውን ፈልፍለው ይመልከቱ፤ ሮዝ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ዱቄት ያለበትን ለሰውም ለከብትም አይስጡ።